አውቶካድ ላይ አማርኛ ለመጻፍ የትኛው ፎንት ያዋጣል?

ሽማግሌው የቤታቸውን ፕላን በሁለት እጃቸው ዘረጉና ወደ ብርሃን አዞሩት። ዝም ብለው ብዙ አዩት። ከዚያ «ልጄ፣ መስኮት አላበዛህብኝም?» አሉኝ። መኝታ ቤቱ ላይ አምስት ቆጥረዋል። ሳሎኑ ላይ ግን ሦስት ብቻ። «ደግሞ መኝታ ቤት ከሳሎን በልጦ መስኮት ይኖረዋል እንዴ?»

መስኮት አልነበረም። «መኝታ ቤት» የሚለው አምስት ፊደል፣ «ሳሎን» የሚለው ሦስት ፊደል፣ እያንዳንዱ ባዶ ሳጥን ሆኖ ታትሞ ነው። ፕላኑን የሠራሁት ደብረ ማርቆስ፣ በራሴ ላፕቶፕ ነበር። የታተመው ግን ባሕር ዳር ነው። ፍላሹን በሚኒባስ ልኬ አንድ ማተሚያ ቤት አሳተምኩት፤ እዚያ ያለው ኮምፒውተር ደግሞ እኔ የጻፍኩበት ፎንት የለውም። አራት ኤ1 ወረቀት ከንቱ ቀረ። በማተሚያ ቤቱ ለመናደድ ሞክሬ ነበር፣ ግን ምን አጠፉ? ያልሰጠኋቸውን ከየት ያምጡት?

ነገሩ እንዲህ ነው። የአውቶካድ ፋይል፣ ያ ዲደብሊውጂ የምንለው፣ ፎንቱን ይዞ አይሄድም። የፎንቱን ስም ብቻ ነው የሚይዘው። ፋይሉ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት አውቶካድ ስሙን አንብቦ «እከሌ የሚባል ፎንት እዚህ አለ?» ብሎ ይፈልጋል። ካለ ጥሩ። ከሌለ ያገኘውን ይተካል፣ የተተካው ደግሞ ፊደላችንን ካላወቀ ጣጣው ይመጣል። ስለዚህ ፎንት ስትመርጡ «የትኛው ያምራል?» ብላችሁ አትጀምሩ። ይህን ፋይል ከእኔ ቀጥሎ የሚከፍተው ማነው፣ ምን ባለው ኮምፒውተር? ከዚህ ጀምሩ።

አማራጮቹን ከራሴ ሥራ እያየሁ ላወዳድራችሁ። ብዙውን የማወራው ስለ አውቶካድ ነው፣ እዚህ አካባቢ ብዙ ሰው የሚሠራበት እሱ ስለሆነ። ሌሎቹን መጨረሻ ላይ እነካካቸዋለሁ።

ኤስኤችኤክስ፦ የአውቶካድ የራሱ ልጅ

አውቶካድ በ1982 ገበያ ላይ ሲወጣ ፕላን የሚታተመው ብዕር በያዘ ፕሎተር ነበር። ማሽኑ እውነተኛ ብዕር ይዞ ወረቀት ላይ መስመር ይስባል። እንዲህ ላለ ማሽን ውስጡ የተሞላ ወፍራም ፊደል መስጠት ማሰቃየት ነው። ስለዚህ ፊደሉ በነጠላ መስመር የተሠራ መሆን ነበረበት፣ ልክ እኛ በእርሳስ ስንጽፍ እንደምንስበው። ኤስኤችኤክስ ይህ ነው። ሲምፕሌክስ፣ ሮማንስ፣ ቲኤክስቲ፣ አይሶሲፒ የሚባሉትን አይታችሁ ይሆናል።

ጥቅሙ ዛሬም አልጠፋም። ቀላል ነው፣ ያረጀ ላፕቶፕ እንኳ አያንገዳግደውም። ብዙ ይዞታ ያለበት ካርታ ላይ በየቁራሹ ቁጥር ስትጽፉ ልዩነቱ ይታወቃችኋል። ውፍረቱን ደግሞ እንደ ማንኛውም መስመር በሌየሩ (መስመሩ በተመደበበት ንብርብር) ወይም በቀለሙ ትወስናላችሁ። ቀይ መስመር 0.18 ሚሊሜትር ይታተም ካላችሁ በቀይ የተጻፈውም የኤስኤችኤክስ ጽሑፍ 0.18 ነው የሚሆነው። ቲቲኤፍ፣ ያ ወርድ ላይም የምንጽፍበት የተለመደው የፎንት ዓይነት፣ ላይ ይህ አይሠራም፤ ቀለሙን ትቀይራላችሁ እንጂ ውፍረቱ ከፎንቱ ጋር የመጣ ነው። ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጡት ኤስኤችኤክሶች ደግሞ አውቶካድ ባለበት ሁሉ አሉ። ደጀን ሠርታችሁ ዳንግላ ብትከፍቱት ሲምፕሌክስ ያው ሲምፕሌክስ ነው።

ችግሩ አንድ ነው፣ ግን ለእኛ ትልቁ እሱ ነው። ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጡት ኤስኤችኤክስ ፎንቶች ፊደላችንን አያውቁም። በሲምፕሌክስ ስታይል (ፎንቱን በሚወስነው የጽሑፍ ቅንብር) አማርኛ ብትጽፉ የምታገኙት የጥያቄ ምልክት መደርደሪያ ነው።

«ታዲያ እኔ የአማርኛ ኤስኤችኤክስ አልሠራም ወይ?» የሚል ጎበዝ አይጠፋም። ይቻላል። ኤስኤችፒ የሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ላይ የእያንዳንዱን ፊደል መስመር በቁጥር ትጽፉና ኮምፓይል በሚለው ትእዛዝ ወደ ኤስኤችኤክስ ትቀይሩታላችሁ። እኔም አንድ ክረምት ጀምሬው ነበር። 33ቱን በሰባት ስታበዙት 231 ነው፤ በዚያ ላይ ቋ፣ ጓ፣ ሟ እያለ ይቀጥላል። «መ» ላይ ስደርስ ዝናቡ አባራ፣ እኔም ተውኩት። ቢያልቅም ደግሞ ያው ችግር ነው፤ ያ ፎንት በዓለም ላይ ያለው እናንተ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ስለሆነ ፋይሉ በሄደበት ሁሉ አብሮ መጓዝ አለበት።

የእኔ ብይን፦ ለቁጥር፣ ለዳይሜንሽን (ለልኬት)፣ ለግሪድ፣ ለእንግሊዝኛ ኖት ኤስኤችኤክስ። ለአማርኛ አይሆንም።

የድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው፤ የብዙ ቢሮ የድሮ ታይትል ብሎክም (የፕላኑ ርእስና የባለቤቱ ስም የሚጻፍበት ሳጥን) በእነዚህ የተጻፈ ነው።

ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው የዓለም ስታንዳርድ) በፊት አማርኛ ኮምፒውተር ላይ የሚጻፈው በብልሃት ነበር። አንድ ፎንት ፋይል ውስጥ ቢበዛ 256 ቦታ አለ፣ ሁሉም ደግሞ ለፊደል አይውልም። ስለዚህ የእንግሊዝኛው ፊደል የሚቀመጥበት ቦታ ላይ የእኛ ፊደል ተሳለ። ኮምፒውተሩ በእሱ ቤት የላቲን ፊደል እየጻፈ ነው፤ ለዓይናችን ግን «ለ» ሆኖ ይታያል። ፊደላችን 256 ቦታ ውስጥ አልገባ ሲልም ለሁለት ወይም ከዚያ በላይ ፎንት ተከፈለ። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በመጀመሪያ ዘመናቸው እንዲህ ነበሩ። ቆየት ብለው ዩኒኮድም ጨምረዋል፣ ስለዚህ ስሙን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። ለዚያ ዘመን ትልቅ ሥራ ነው፣ ማንም ሊያናንቀው አይገባም።

አውቶካድ ውስጥ ግን ይህ ብልሃት ሦስት ቦታ ላይ ይሰነካከላል።

መጀመሪያ፣ ነጠላ መስመር ጽሑፍ፣ ያ ቴክስት የሚባለው፣ አንድ ስታይል ብቻ ነው የሚቀበለው። አንድ ስታይል ደግሞ አንድ ፎንት ነው። ስለዚህ የቃሉ ግማሽ ከአንደኛው ፎንት፣ ግማሹ ከሁለተኛው ከሆነ ቃሉ ይፈርሳል። «ቋሪት» ብላችሁ ለመጻፍ ሞክሩ። «ቋ» ሁለተኛው ፎንት ላይ ካለች ቀሪው ሁለት ፊደል ብቻውን ይቆማል። ጓጉሳም እንዲሁ። የጎጃም ወረዳዎች ስም ለፎንት መፈተኛ የተፈጠረ ይመስለኛል አንዳንዴ። መውጫው ኤምቴክስት ነው፤ እሱ አንድ ሳጥን ውስጥ ብዙ ፎንት ይቀበላል። ግን ብሎክ (አንድ ላይ የታሰረ ሥዕል) ውስጥ ያለው አትሪቢዩት፣ ያ ጽሑፍ የሚሞላበት ቦታ፣ ብዙ ጊዜ ነጠላ መስመር ነው፣ ታይትል ብሎኩ ደግሞ የሚሞላው በአትሪቢዩት ነው።

ሁለተኛ፣ አውቶካድ የራሱ ሚስጥር ምልክቶች አሉት። የፐርሰንት ምልክት ሁለት ጊዜ ተከታትሎ አንድ የላቲን ፊደል ከተከተለው ትእዛዝ ነው ብሎ ይተረጉመዋል፤ ዲግሪ፣ ዲያሜትር፣ ከስር ማስመር፣ እንዲህ ያለ ነገር። በድሮ ፎንት ላይ ፐርሰንቱ ቦታ የተቀመጠው የእኛ ፊደል ከሆነና ሁለት ጊዜ ከተከታተለ ቃሉ መሐል የዲያሜትር ምልክት ብቅ ሊል ይችላል። ሰው ስም ላይ!

ሦስተኛውና ክፉው፣ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሳጥን እንኳ አይወጣም። የሚወጣው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ነው። ሳጥን ያየ ሰው «ፎንት ጎድሏል» ይላል። ይህንን ያየ ግን ፋይሉ የተበላሸ ይመስለዋል፤ ቫይረስ ነው የሚልም አይጠፋም። መፈለግና መተካትም አይሠራም። «መጋዘን» የሚለውን ፈልግልኝ ብትሉት ፋይሉ ውስጥ «መጋዘን» የሚባል ቃል የለም፤ ያለው የላቲን ፊደል ነው።

ስለዚህ አዲስ ሥራ በእነዚህ አትጀምሩ። የድሮ ፋይል ካላችሁና አሁንም የምትነኩት ከሆነ እየቆያችሁ ሳይሆን አሁኑኑ ወደ ዩኒኮድ መልሱት። ጽሑፉ ሃምሳ ስልሳ ቃል ከሆነ እንደገና መጻፉ ይቀላል፣ እመኑኝ። የማትነኩት ማኅደር ከሆነ ደግሞ ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ ፒዲኤፍ አድርጉትና ተውት።

ዩኒኮድ ቲቲኤፍ፦ አማርኛው የሚያርፍበት

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999፣ ከ3.0 እትም ጋር ነው። ከዚያ ወዲህ «ሀ» የራሷ ቁጥር አላት፣ በሄክሳ 1200፤ «ለ» 1208 ነው። የማንንም ቦታ አትዋስም። ይህ ማለት ፎንቱ ቢቀየር እንኳ «ለ» ያው «ለ» ነው። ናያላ የሚባለው ፎንት ከጠፋ ሌላ ዩኒኮድ ፎንት መርጣችሁ ስታይሉን ትቀይራላችሁ፣ ሁሉም ተመልሶ ይነበባል። የድሮዎቹ ላይ ይህ የለም።

ኪሳራው፣ ብዙ ጽሑፍ ያለበት ፋይል ይከብዳል። ዙም ስታደርጉ የሚጎተት ላፕቶፕ ካላችሁ ታውቁታላችሁ። ለመኖሪያ ቤት ፕላን ግን ይህ ወሬ አይደለም።

የትኛውን ቲቲኤፍ? አራት ፎንት ላወዳድር፣ አራቱንም አትሜባቸዋለሁ።

ናያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ ነው፣ ስሙም ከደጋ አጋዘን የተወሰደ። ያምራል። ለደብዳቤ፣ ለመጽሐፍ ደስ ይላል። ፕላን ላይ ግን አልወደውም፤ ቀጫጭን መስመሮቹ በትንሽ መጠን ሲታተሙ ይጠፋሉ። ሌላም ወጥመድ አለው። ዊንዶውስ 10 ላይ ናያላ እንዳለ አይመጣም። ሴቲንግ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ገብታችሁ ኢትዮፒክ ሰፕሊመንታል ፎንትስ የሚለውን መጨመር አለባችሁ፣ ኢንተርኔትም ይፈልጋል። ስለዚህ ዊንዶውስ 7 ላይ «ሁሉም ኮምፒውተር ላይ አለ» ብላችሁ የለመዳችሁት ፎንት አዲሱ ኮምፒውተር ላይ የለም። የእኔ አምስት መስኮት የመጣው በዚህ መንገድ ነው፣ አሁን ልናዘዝ።

ኢብሪማ ዊንዶውስ 10 ላይ ሳትጠይቁት አለ። ያለጌጥ፣ መስመሩ ወጥ የሆነ፣ በትንሽ መጠን የሚነበብ። ፋይሉ የት እንደሚከፈት ካላወቃችሁና ፎንት ጫኑ ልትሏቸው ካልቻላችሁ ኢብሪማ አድርጉት። ቆንጆ ነው አልልም። ግን አያሳፍርም።

አቢሲኒካ ኤስአይኤል በነጻ የሚገኝ ነው፣ ለሰው ማካፈልም በፈቃዱ ውስጥ አለ። ቅርጹ ወደ ብራና ጽሕፈት ያደላ ነው። የቤተ ክርስቲያን ፕላን ርእስ ላይ በ7 ሚሊሜትር ስጽፈው ሽማግሌዎቹ ይወዱታል። ለክፍል ስም ግን ይከብዳል።

ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የእኔ ምርጫ ነው። ይህም ነጻ ነው፣ ማካፈልም ይቻላል፤ ከቀጭን እስከ ጥቁር ብዙ ውፍረት አለው። ቲቲኤፍ ላይ ውፍረት በሌየር አይታዘዝም ብያችሁ አልነበር? መልሱ ይኸው። ለርእስ ቦልዱን፣ ለክፍል ስም ሬጉላሩን፣ ለኖት ላይቱን ትጠቀማላችሁ። ስታወርዱ ግን ተጠንቀቁ። ቫሪያብል የሚባለው ፋይል ሁሉንም ውፍረት በአንድ ያጨቀ ነው፣ አውቶካድ ደግሞ ከእሱ ጋር አይግባባም። ስታቲክ በሚለው ፎልደር ውስጥ ለየብቻ የተቀመጡትን ውሰዱ።

(ዋሽራ የሚባል ነጻ ፎንትም አለ። ስሙን ባየሁ ቁጥር የጎጃሙ የቅኔ ቤት ዋሸራ ትዝ ይለኛል። ለፕላን አልሞከርኩትም፣ ለሠርግ ጥሪ ወረቀት ግን አሪፍ ነው።)

አንድ ነገር ሳልል እንዳላልፍ፣ ብዙ ሰዓት የበላኝ ስለሆነ። ፎንቱን ጫናችሁ፣ ወርድ ላይ ይታያል፣ አውቶካድ ላይ ግን የለም። ዊንዶውስ 10 ከ1809 እትም ጀምሮ ፎንት ስትጭኑ ለእናንተ ተጠቃሚ ብቻ፣ በሌላ ፎልደር ነው የሚያስቀምጠው። አንዳንድ የአውቶካድ እትም እዚያ አይፈልግም። ፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ኢንስቶል ፎር ኦል ዩዘርስ የሚለውን ምረጡ፣ አውቶካዱን ዝጉና ክፈቱ። አለቀ።

ኦቲኤፍ፣ ፒኤፍቢ እና ሌሎቹ

ኦቲኤፍ ግራ የሚያጋባው ስሙ ነው። ኦፕንታይፕ ሁለት ዓይነት ውስጥ አለው፤ አንዱ የቲቲኤፍ ዓይነት ቅርጽ የያዘ፣ ሌላው የፖስትስክሪፕት። አውቶካድ የሚግባባው ከመጀመሪያው ጋር ነው። ፋይሉ መጨረሻ ኦቲኤፍ የሚል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነውና ስታይሉ ዝርዝር ውስጥ ላታገኙት ትችላላችሁ። ኖቶ በሁለቱም ይገኛል፤ ቲቲኤፉን ውሰዱ፣ ጭንቅላታችሁን አታዙሩ።

ፒኤፍቢ፣ ታይፕ 1 የሚባለው፣ ጊዜው አልፏል። አዶቤ ራሱ በ2023 ድጋፉን አቁሟል። ዎፍ የሚባለው ደግሞ ለድረ ገጽ ነው፣ አውቶካድን አይመለከተውም።

ጽሑፉን ወደ መስመር ማፈራረስ

ይህንን የሚመክር ሰው ብዙ ነው። ኤክስፕረስ ቱልስ ውስጥ ቲኤክስቲኤክስፒ የሚል ትእዛዝ አለ፣ ጽሑፉን ወደ ተራ መስመር ይቀይረዋል። ከዚያ በኋላ ፎንት አያስፈልግም፣ የትም ቢከፈት ያው ነው። እውነት ነው። ግን ፋይሉ ያብጣል፣ ጽሑፉም ጽሑፍ መሆኑ ይቀራል። ማዘጋጃ ቤት «የባለቤቱ ስም ላይ የአባት ስም ተሳስቷል» ብሎ ሲመልስባችሁ መስመር በመስመር ደምስሳችሁ ትጽፋላችሁ። ለአርማ ወይም ለድርጅት ስም ጽሕፈት ይሁን። ለሌላው ፒዲኤፍ እያለ ለምን?

ፒዲኤፍ ስል፣ ለማተሚያ ቤት ዲደብሊውጂ መላክ አቁሜያለሁ። አውቶካድ ውስጥ ካለው የፒዲኤፍ ፕሎተር ስታወጡ ፎንቱን አብሮ እንዲይዝ የሚያደርግ ምርጫ አለ፣ ፒዲኤፍ ኦፕሽንስ ውስጥ ካፕቸር ፎንትስ የሚለው። እሱን ምልክት አድርጉ። ከዚያው ሥር ሁሉንም ጽሑፍ ወደ ቅርጽ ቀይር የሚልም አለ። እሱ ማፈራረሱን ፒዲኤፉ ላይ ብቻ ያደርገዋል፣ ዋናው ፋይላችሁ አይነካም። ቲቲኤፍ ፒዲኤፍ ውስጥ ጽሑፍ ሆኖ ይገባል፣ ኤስኤችኤክስ ግን መስመር ሆኖ ነው የሚገባው። ፒዲኤፉን አክሮባት ላይ ስትከፍቱት በየጽሑፉ ላይ ቢጫ ኮሜንት የሚመስል ነገር ካያችሁ አትደንግጡ፤ አውቶካድ የኤስኤችኤክሱን ጽሑፍ በኮሜንት መልክ ስላስገባው ነው።

ዲደብሊውጂውን የግድ የሚፈልግ ካለ፣ ለምሳሌ ስትራክቸሩን የሚሠራው መሐንዲስ አዲስ አበባ ከሆነ፣ ኢትራንስሚት የሚለውን ትእዛዝ ተጠቀሙ። ፋይሉን፣ ኤክስሬፉን (ከእሱ ጋር የተያያዘውን ሌላ ፋይል)፣ ፎንቱን አንድ ላይ ይጠቀልላል። ፎንቶቹን ጨምር የሚለው ምርጫ ግን መመረጡን እዩ። 300 ኪሎ ሜትር ርቆ ካለ ሰው ጋር በስልክ «ምን ይታይሃል? ሳጥን? ስንት ሳጥን?» እያሉ ከመነታረክ ያድናል። የማይክሮሶፍት ፎንቶችን ለሰው ማደል የማይፈቀድ መሆኑም ሌላ ምክንያት ነው ነጻዎቹን የምመርጥበት።

የተበላሸ ፋይል ሲደርሳችሁ ምን እንደሆነ ከመልኩ ለዩ

በየፊደሉ አንድ አንድ ሳጥን ካለ ጽሑፉ ዩኒኮድ ነው፣ ፎንቱ ብቻ ጎድሏል። ስታይሉን ወደ ኢብሪማ ወይም ኖቶ ቀይሩት፣ ይመለሳል። ሽማግሌውን ያሳሳታቸው ይህ ነበር።

ለሙሉው መስመር አንድ ረጅም ሳጥን ብቻ ካለ ግን ፎንት አይደለም። ኪውቴክስት የሚባለው በርቷል ማለት ነው። ኮምፒውተሩ እንዳይደክም ጽሑፍን በሳጥን የሚተካ የድሮ ብልሃት ነው። አጥፉትና ሪጀን በሉ።

የጥያቄ ምልክት ከተደረደረ ስታይሉ ኤስኤችኤክስ ላይ ነው ያለው፣ ወይም የጠፋውን ፎንት አውቶካድ በኤስኤችኤክስ ተክቶታል። የጠፋ ፎንት በምን ይተካ የሚለውን የሚወስነው ፎንትአልት የሚባለው ቅንብር ነው፣ ሳትነኩት ሲምፕሌክስ ላይ ነው የሚገኘው።

የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅ ካለ የድሮ ግዕዝ ፎንት ነው። ላኪውን የፎንቱን ስም ጠይቁ። ስታይል የሚለውን ከፍታችሁም ስሙን ታያላችሁ።

ፊደሉ በትክክል ካለ ግን አንዳንዱ ብቻ ከጎደለ፣ «ቋ» ወይም «ሟ» ብቻዋን ሳጥን ከሆነች፣ ፎንቱ ያልተሟላ ነው። ጣሉት።

መጠኑ

ለላቲን ፊደል 2.5 ሚሊሜትር ይበቃል፣ ስታንዳርዱም ከ2.5 ወደ 3.5፣ ወደ 5፣ ወደ 7 ነው የሚሄደው። የእኛ ፊደል ግን እግርና ቀለበት ይበዛዋል። «ሰ»ና «ሸ»፣ «ተ»ና «ቸ» የሚለያዩት ከላይ ባለች አንዲት ጭረት ነው። በ2.5 ሲታተም ጭረቷ ትጠፋና «ሽንት ቤት» የሚለው «ስንት ቤት» ይሆናል። ይህ ቀልድ አይደለም፣ አይቼዋለሁ። እኔ ከ3.5 በታች አማርኛ አልጽፍም። በሜትር የምትሠሩ ከሆነና ሚዛኑ 1 ለ100 ከሆነ 0.35 ማለት ነው፣ 1 ለ50 ከሆነ 0.175። ጠባብ ክፍል ውስጥ ለማስገባትም ዊድዝ ፋክተሩን (የፊደሉን ስፋት) አትጨቁኑት፤ «ጠ» ሦስት እግሯ ተጣብቆ አንድ ትሆናለች። ከውጭ ጽፋችሁ በሊደር (በቀስት መስመር) ጠቁሙ።

አውቶካድ ካልሆነ

ሬቪት የሚቀበለው ቲቲኤፍ ብቻ ነው፣ ስለዚህ አማርኛችሁ ዩኒኮድ ቲቲኤፍ ከሆነ ከወዲያ ወዲህ ሲሄድ አይቸገርም፤ ኤስኤችኤክሱን ግን በሌላ ቲቲኤፍ ነው የሚተካው። አርኪካድ ኦቲኤፍም ይቀበላል። ብሪክስካድን የመሰሉት ኤስኤችኤክስም ቲቲኤፍም ያነባሉ። ሊብሬካድ ነጻ ነው፣ ተማሪ ሲጀምርበት ደስ ይለኛል። ግን የራሱ ኤልኤፍኤፍ የሚባል የፎንት ዓይነት አለው፣ ቲቲኤፍ በቀጥታ አይወስድም፤ መቀየሪያ መሣሪያ አለው፣ የሚያወጣው ፊደል ግን ውስጡ ባዶ የሆነ የዙሪያ መስመር ነው። አማርኛ ለሚበዛበት ሥራ አልመክረውም።

ለድሮ ፕሮግራም ብላችሁ ፋይሉን ከ2007 በታች ወዳለ እትም ስታወርዱ ደግሞ ተጠንቀቁ። እነዚያ እትሞች ዩኒኮድን እንዳለ አያስቀምጡም፤ እያንዳንዱን ፊደል በኮድ ቁጥሩ ይጽፉታል። አውቶካድ መልሶ ያነበዋል። ሌላ ፕሮግራም ግን ኮዱን እንዳለ ሊያሳያችሁ ይችላል፣ «ለ» በሚለው ቦታ 1208 እያለ።

እኔ አሁን የምሠራው

ሁለት ስታይል ብቻ አለኝ። አንዱ ሲምፕሌክስ ነው፣ ለቁጥርና ለዳይሜንሽን። ሌላው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ለአማርኛው ሁሉ። ወደማላውቀው ቢሮ የሚሄድ ከሆነ ሁለተኛውን ወደ ኢብሪማ እቀይረዋለሁ፤ ስታይል ስለሆነ አንድ ቦታ መቀየር ይበቃል። ኤምቴክስት ውስጥ ገብቶ በእጅ ፎንት መቀየር ግን ለራሴ ክልክል ነው። በእጅ የተቀየረው ስታይሉን ስለማይሰማ ያችው አንዷ ቃል ሳጥን ሆና ትቀራለች።

አዲስ ማተሚያ ቤት ስሄድ ደግሞ ኤ4 ላይ አንድ መስመር ይዤ እሄዳለሁ፦ «ቋሪት፣ ጓጉሳ፣ ጎዛምን፣ ሽንት ቤት፣ መኝታ ቤት፣ ጣሪያ»፣ በ2.5፣ በ3.5 እና በ5 ሚሊሜትር። መጀመሪያ እሱን አሳትማለሁ። ልጁ «ጋሼ፣ ይሄ የምን ፕላን ነው?» ይለኛል። ኤ1ዱን የማዘው «ቋ»ና «ሽ» ጥርት ብለው ከወጡ ነው።